የፈረንሳይ ፈላስፎች በኮልፌ ቀበሌ አዳራሽ

ሰው በብዙ ነገር ይታማል። አንዱ በመጠጥ ይታማል፣ አንዱ በሴት ይታማል፣ አንዱ ከቀበሌ ሱቅ በጓሮ በር ስኳር ያስወጣል ተብሎ ይታማል። እኔ ኮልፌ ውስጥ ስታማ የኖርኩት በፈረንሳዮች ነው። «ያ ፈረንሳይ አገር የተማረው አስተማሪ» ይሉኛል እስከ ዛሬ ድረስ። እውነቱን ለመናገር ወደ ምዕራብ ርቄ የሄድኩት እስከ ሆለታ ነው። እሱም ለዘመድ ሠርግ ነበር፤ ያውም አውቶብሱ መንገድ ላይ ተበላሽቶ የደረስኩት ሙሽሮቹ ከሄዱ በኋላ ነው።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። በደርግ ጊዜ የታሪክ አስተማሪ ነበርኩ። ያን ጊዜ አስተማሪ ማለት ለሁሉም ነገር የሚጠራ ሰው ማለት ነው። መሠረተ ትምህርት ሲባል አስተማሪ፣ ሕዝብ ሲቆጠር አስተማሪ፣ ችግኝ ሲተከል አስተማሪ፣ ቀይ ጨርቅ ላይ መፈክር ሲጻፍ አስተማሪ። እናም የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ በቀለ ንግግር የሚጽፍለት ሰው ሲፈልግ ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ።

ጓድ በቀለ ከአብዮቱ በፊት ልብስ ሰፊ ነበር። አሥራ ስምንት ማዞሪያ አጠገብ አንድ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ የሰፈሩን ሱሪ ሁሉ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ሱሪዬን ሲሰፋልኝ «አንተ» የምለው ሰውዬ ሊቀመንበር የሆነ ዕለት «እርስዎ» ሆነብኝ። አሁን ዘመኑ ስላለፈ እዚህ ጽሑፍ ላይ ወደ አንተነቱ መልሼዋለሁ፤ ቅር እንደማይለው አውቃለሁ። ክፉ ሰው አልነበረም። ፈሪ ሰው ነበር። የሚፈራው «የበላይ አካል» የሚባለውን ነው፤ የበላይ አካሉን ደግሞ በስልክ እንጂ በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ስልኩ ሲጮህ ብድግ ብሎ፣ ኮቱን ቆልፎ ነበር የሚያነሳው።

«ጓድ መምህር» አለኝ አንድ ቀን፣ «የሌላው ቀበሌ ሊቀመንበር ሲናገር አዳራሹ ይነቃነቃል አሉ። የእኔ ሕዝብ ያንቀላፋል። እስቲ ከበድ ያለ ነገር ጻፍልኝ።»

ከበድ ያለ ነገር ከየት ላምጣ? ቤቴ ውስጥ የነበረኝ ከባድ ነገር ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ የታሪክ መጽሐፍ ብቻ ነው። ገለጥኩት። ፈረንሳዮቹ እዚያ ነበሩ። በድሮ ጊዜ፣ ሰው ሠራሽ ጸጉር ደፍተው፣ ንጉሣቸውን «ሥልጣንህ የመጣው ከሰማይ ሳይሆን ከሕዝብ ነው፤ መንግሥት ማለት ውል ነው» ያሉ ፈላስፎች። ሳነብ ገረመኝ። ይህ እኮ ጠዋት ማታ በሬዲዮ የምንሰማው ነው! የሕዝብ ፈቃድ፣ የሕዝብ ጠላት፣ ዜጋ፣ አብዮት፣ ሁሉም ከእነዚያ ሰዎች ቤት የወጣ ነው። ከፓሪስ ተነስቶ፣ ሞስኮ አድሮ፣ አዲስ አበባ ሲደርስ ማን እንደሰፋው የማይታወቅ ኮት ሆነ። እጅጌው አጥሯል፣ ቁልፉ ተቀይሯል፣ ገበሩ ግን ያው ነው። ለልብስ ሰፊ ይህን ማስረዳት አይከብድም ብዬ ለጓድ በቀለ ነገርኩት።

«እነዚህ ሰዎች አሁን የት ነው የሚሠሩት?» አለኝ።

«ሞተዋል ጓድ ሊቀመንበር።»

«ነፍስ ይማር» አለና ደንግጦ ዙሪያውን አየ። «ማለቴ… ዘላለማዊ ክብር። ተራማጆች ናቸው?»

«ለጊዜያቸው አዎ።»

«ለጊዜያቸው የሚባል ነገር የለም። ናቸው አይደሉም?»

«ናቸው።»

«ጻፍ።»

ጻፍኩ። እንዲህ ሆነው ነው ፈረንሳዮቹ ኮልፌ የገቡት።

ስብሰባው እሁድ እሁድ ነበር። አዳራሹ ሳይወረስ በፊት የእህል መጋዘን ስለነበር ዝናብ ሲመጣ አሁንም ጤፍ ጤፍ ይሸታል። ሕዝቡ የሚመጣው የቀረ ሰው ስኳር ስለማያገኝ ነው። ሴቶቹ ጥጥ ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ያንቀላፋሉ፣ ጓድ በቀለ ትንፋሽ ሊወስድ ባቆመ ቁጥር ደግሞ ሁሉም ያጨበጭባል። አንድ ጊዜ አስነጠሰውና ደህና አድርጎ ተጨበጨበለት። ያን ሁሉ ንግግር ስጽፍ ከእኔ በቀር የሚሰማው ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። አንድ ሰው ግን ይሰማ ነበር፤ እትዬ ዘውዴ።

እትዬ ዘውዴ የአጥር ጎረቤቴ ናቸው። በልጅነታቸው ከጎጃም መጥተው፣ ኮልፌ ገበያ በርበሬ እየሸጡ የኖሩ፣ ባላቸው ቀደም ብሎ የሞተባቸው ሴት ናቸው። ያላቸው ሞገስ የሚባል አንድ ልጅ ብቻ ነው። ሞገስ ጎሚስታ ነበር። ጎማ ሲለጥፍ ውሎ ጥቁር በጥቁር ሆኖ ሲመጣ የሚታየው ጥርሱ ብቻ ነው፤ እሱም ሁልጊዜ ይታያል፣ ሳቂታ ነበርና። ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ላይ ብቅ ይልና «ጋሼ፣ ዛሬስ ፈረንሳዮቹ ምን አሉ?» እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

ብሔራዊ ውትድርና ሲመጣ ወሰዱት። መጀመሪያ ላይ ሰሜን ነው ያለሁት ብሎ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ዝም አለ። ዝምታው ሲረዝም ጊዜ እትዬ ዘውዴ በርበሬ እየቀነጠሱ ዓይናቸውን የሚጠርጉት በርበሬው አቃጥሏቸው እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ልጄ አለ ወይስ የለም? ይህን የሚነግራቸው ሰው ጠፋ።

አንድ እሁድ ጓድ በቀለ ከጻፍኩት ውስጥ በጣም የምወዳትን ክፍል አነበበ። «ጓዶች! መንግሥት ማለት ውል ነው! ሕዝብ ይሰጣል፣ መንግሥትም ይሰጣል! አንደኛው ወገን ቃሉን ካጠፈ ውሉ ፈረሰ!» ትንፋሽ ወሰደ። ተጨበጨበ። ጭብጨባው ሲያበቃ እትዬ ዘውዴ ከመቀመጫቸው ተነስተው ቆመዋል።

«አንድ ጥያቄ አለኝ» አሉ።

በዚያ አዳራሽ ጥያቄ ተጠይቆ አያውቅም። ጓድ በቀለ ወረቀቱን አገላብጦ አየ፤ ጥያቄ የሚል ነገር የለበትም። እኔን አየኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

«ይጠይቁ እትዬ… ጓድ ዘውዴ።»

«ይኸ አሁን ያሉት የውል ነገር ደስ ብሎኛል። እንግዲህ እኔ ልጄን ሰጥቻለሁ። አልደበቅሁትም፣ ጎጃም አላሸሸሁትም። ሲወስዱት ጊዜ ‹ወሬውን በየጊዜው እናሰማዎታለን› ያሉኝ እርስዎ ነዎት፣ እዚችው በር ላይ ቆመው። ይኸው ክረምት ገብቶ ወጣ፣ ሌላ ክረምት መጣ። ልጄን መልሱልኝ አላልኩም። አለ ወይ ነው ያልኩት። ታዲያ ውሉ ፈርሷል ወይስ አልፈረሰም?»

ተጨበጨበ። መጀመሪያ ከልማድ ነበር፤ በኋላ ግን ከልማድ አልነበረም፣ ፈታዮቹ ሁሉ እንዝርታቸውን አስቀምጠው አጨበጨቡ። ጓድ በቀለ በላብ ተጠመቀ። «እናጣራለን» አለና ስብሰባውን በተነው።

ከዚያ ቢሮው ጠራኝ። «ምን ዓይነት ፈረንሳይ ነው ያመጣህብኝ? ሴትዮዋ እኮ በራሴ አፍ ያዘችኝ!»

«የሰማቸው ሰው እንዲሁ ነው የሚያደርገው ጓድ ሊቀመንበር።»

«አገራቸው ላይስ ምን ሆነ?»

«የንጉሡ አንገት ተቆረጠ።»

አንገቱን ዳሰስ አደረገ። «ከዚያስ?»

«ከዚያ አንገት ያስቆረጡትም አንገታቸው ተቆረጠ።»

ተነስቶ በሩን ዘጋ። «ይህን ነገር ለማንም እንዳትናገር» አለኝ።

ስልኩን ግን አነሳ። ይህን ልመሰክርለት ይገባኛል። ያን እንደ እባብ የሚፈራውን ስልክ ራሱ አንስቶ፣ ቆሞ፣ ስለ አንድ ተራ ወታደር ጠየቀ። ተቆጡት። በማግስቱ ደግሞ ጠየቀ። እንዲህ ሲመላለስ ሰንብቶ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እየሮጠ ትምህርት ቤት መጣ። ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ነበር። በመስኮት ራሱን አስገብቶ «አለ!» ብሎ ጮኸ። «ሞገስ አለ! በሕይወት አለ!» ተማሪዎቹ ሞገስ ማን እንደሆነ ሳያውቁ አጨበጨቡ። እኛም በመስኮቱ ውስጥና ውጭ ሆነን ተቃቀፍን።

«እንሂድ እንንገራቸው» አልኩት። ምነው ያኔ ሄደን ቢሆን ኖሮ! ጓድ በቀለ ግን «እንዲህ ያለ ወሬ ዝም ብሎ አይነገርም፣ በሥርዓት ነው። ንግግር ጻፍ» አለኝ። አልፈረድኩበትም። ሊቀመንበር ከሆነ ወዲህ ሥራው ሰው መጥራት፣ ሰው ማስጠንቀቅ፣ ሰው መውሰድ ነበር። አንዴ እንኳ ደስ የሚል ነገር ይዞ ሰው በር ላይ ሊቆም ነው። ጻፍኩለት። ደስ ስላለኝ ደግሞ አሳምሬ ጻፍኩት፤ ከፈረንሳዮቹ አንዱንም አላስቀረሁም።

እትዬ ዘውዴ ማልደው ገበያ ስለሚወጡ ሳይወጡ እንድረስባቸው ተባለ። ለክብር ደግሞ ሽማግሌ ይጨመር ተባለና የእድራችን ዳኛ ጋሽ ደምሴና ባለሱቁ ሐጂ ሰይድ ተጠሩ። ሐጂ ከሱብሂ ሶላት እንደወጡ ተገናኘን። ጎህ ገና መቅደዱ ነው። ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ሁላችንም ጋቢያችንን ተከናንበናል። መንገዱ ጭቃ ስለሆነ አንገታችንን ደፍተን፣ እግራችንን እያየን፣ ድምፅ ሳናሰማ እንራመዳለን።

እስቲ አንባቢዬ ይፍረደኝ። የእድር ዳኛ ከፊት፣ ሽማግሌ ከኋላ፣ የቀበሌ ሊቀመንበር ከመሃል፣ ሁሉም ጋቢ ተከናንቦ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ በንጋት፣ ልጇ ወታደር የሆነ እናት በር ላይ ሲቆም ምን ይባላል? መርዶ ነዋ! ሌላ ምን ይባላል? ጋሽ ደምሴ ዕድሜ ልካቸውን መርዶ ሲነግሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እሳቸው እንኳ አልታያቸውም። የምሥራቹ ሁላችንንም አሳውሮን ነበር።

እትዬ ዘውዴ በሩን ከፈቱ። አንድ ጊዜ አዩን። የያዙት ቅርጫት ወደቀና በርበሬው ደጁ ላይ ተበተነ። «ወይኔ ልጄን!» ብለው ጮኹ። ያን ጩኸት ዛሬም ድረስ አንዳንዴ እሰማዋለሁ።

«አይደለም! አይደለም!» አልን ሁላችንም ባንዴ፤ ምኑ እንዳልሆነ ግን ማንም አልተናገረም። ጓድ በቀለ ሲጨንቀው የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ነው። ወረቀቱን አወጣና ማንበብ ጀመረ። «ክብርት የጀግና እናት ሆይ! ልጅዎ ሞገስ ለነጻነት፣ ለእኩልነትና ለወንድማማችነት ሲል…»

ወዮልኝ! «በሕይወት አለ» የሚለው ያለው ሦስተኛው ገጽ ላይ ነው። እኔ ንግግር ሲባል የተማርኩት እንደዚያ ነው፤ መጀመሪያ መግቢያ፣ ቀጥሎ ታሪካዊ አመጣጥ፣ ፍሬ ነገሩ መጨረሻ። በዚያ ላይ በዚያ ዘመን ለሞተ ወታደርም ለቆመ ወታደርም የሚጻፈው ቃል አንድ ነበር። «ውድ ሕይወቱን ለሕዝብ ፈቃድ የሰጠ» ሲል የጎረቤት ሴቶች ደረታቸውን እየመቱ ደረሱ። «ስሙ በታሪክ» ሲል የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ። ሁለተኛውን ገጽ ሲገልጥ ድንኳን ተካዮቹ ምሰሶውን በአጥር ላይ እያሳለፉ ነው። ሐጂ ሰይድ እጅጌውን ይዘው «ዝለለው ሰውዬ! መጨረሻውን አንብበው!» ይሉታል፤ ጓድ በቀለ ግን የተጻፈ ነገር ዘሎ አያውቅም፣ ይፈራል። ሦስተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ የገዛ ድምፁን ራሱም አይሰማውም ነበር።

ድንኳኑ ተተክሎ ዋለ። እኛ ከሰው ሰው እየዞርን «አልሞተም፣ አለ» እንላለን፤ ሰው ደግሞ ራሱን እየነቀነቀ «እናንተም ለማለሳለስ ነው፣ ምን ታድርጉ» ይለናል። እትዬ ዘውዴ አጠገብ ተንበርክኬ እጃቸውን ያዝኩ። «እትዬ፣ እናቴ ትሙት፣ ሞገስ በሕይወት አለ» አልኳቸው።

«ልጄ» አሉኝ በተዘጋ ድምፅ፣ «እኔም ለስንት ሰው እንዲህ ብያለሁ። ባሌ የሞተ ጊዜም ‹ትንሽ አሞት ሐኪም ቤት ተኝቷል› ነው ያሉኝ። አትልፋ።»

ሰው ሲሞት ደህና ነው ብሎ መደበቅ ልማዳችን ነው። አጥብቀን በማልን ቁጥር እሳቸው መሞቱን አጥብቀው ያምናሉ። ቀበሌው ነው ያረጋገጠው ስንላቸው ይባስ ብለው ያለቅሳሉ። ጸጉራቸውን ተላጩ፣ ጥቁር ለበሱ፣ በርበሬውን ትተው ቤት ዋሉ። ማታ ማታ እራት ስበላ በአጥሩ በኩል እንጉርጉሯቸው ይመጣል። በቁሙ ላለ ልጅ ሲለቀስ መስማት ከባድ ነገር ነው፤ እራቴን ትቼ እነሳ ነበር።

ጓድ በቀለ ከሳ። «ፎቶግራፉን ላኩልኝ» እያለ ስልክ ላይ መለመን ጀመረ። የአንድ ወታደር ፎቶግራፍ ምን ያደርግልሃል እየተባለ ሲዘለፍ ሰንብቶ መስቀል ካለፈ በኋላ መጣለት። ሞገስ ከጓደኞቹ ጋር ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ከስቷል፣ ግን ጥርሱ እንደ ድሮው ይታያል። ከፎቶግራፉ ጀርባ ላይ በገዛ እጁ «እማዬ፣ ድንኳን ተከልሽልኝ አሉ። በይ ጥቁርሽን አውልቂ» ብሎ ጽፏል።

በዚህ ጊዜ ንግግር አልጻፍኩም። ፎቶግራፉን ዝም ብዬ በአጥሩ ላይ አቀበልኳቸው። እትዬ ዘውዴ አዩት፣ ገለበጡት፣ አስነበቡኝ፣ ደግሜ አነበብኩላቸው፣ እንደገና አስነበቡኝ። ከዚያ ጎረቤቱ ሁሉ እስኪወጣ ድረስ እልል አሉ። ጥቁሩን አወለቁ፣ ገበያ ተመለሱ። ከሁሉም ይልቅ እኔን ወደዱኝ፤ በአጥሩ ላይ የሞገስን ቦታ ተክተው ስለ ፈረንሳዮቹ ይጠይቁኝ ጀመር።

«ልጆች ነበሯቸው?» አሉኝ አንድ ጠዋት።

«አንደኛው ልጆቹን በሕፃንነታቸው ለማደጎ ቤት ሰጥቷል ይባላል።»

«እና ነው ስለ ሰው ልጅ የሚጽፈው?» አሉ፣ በጣም ከልባቸው አዝነው። «ቢያሳድጋቸው ኖሮ ሌላ ነገር ይጽፍ ነበር።»

ጥምቀት እንዳለፈ ጓድ በቀለ ቤቴ መጣ። ሳያንኳኳ ገባና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «ሞገስ» አለ። በኋላ ላይ ስልኩ ራሱ እንደጮኸና ይህኛው የሞት ወሬ እርግጥ እንደሆነ ነገረኝ።

ሐጂ ሰይድ ሱቅ ውስጥ ተሰብስበን መከርን። የእትዬ ዘውዴ ወንድም ከጎጃም እስኪመጣ እንዳይነገራቸው፣ ሲመጣ ደግሞ እሱ ባለበት በወጉ እንዲነገራቸው ተስማማን። እስከዚያ ድረስ፣ እንደ ልማዳችን፣ ከእሳቸው በስተቀር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ባቄላ የምትሸጠው ታውቃለች፣ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ያውቃል። እሳቸው በመንገድ ሲያልፉ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለ ዝናብ ያወራል።

ወንድምየው ሰኞ ይደርሳል ተባለ። እሁድ ስብሰባ ነበር። ጓድ በቀለ «ዛሬ አንድም ፈረንሳይ እንዳትጨምርብኝ» ብሎኝ ስለ መጪው ክረምት ችግኝ ተከላ ብቻ ጽፌለታለሁ። እትዬ ዘውዴ ነጭ ለብሰው መጡ። ስለ ጉድጓዱ ጥልቀት እየተነበበ ሳለ እጃቸውን አወጡ። ይናገሩ ብሎ የፈቀደላቸው አልነበረም፤ ብቻ ማን ይከለክላቸዋል፣ ተነሱ።

«ባለፈው ሰው ፊት ጠይቄ ነበር፤ ሰው ፊት የጠየቅሁትን ሰው ፊት ልመልስ ብዬ ነው» አሉ። «ጓድ በቀለ ቃላቸውን አክብረዋል። የልጄን ወሬ አሰምተውኛል፣ መልኩን አሳይተውኛል። ውሉ አልፈረሰም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሌሎቹም እናቶች ልጆች እንዲሁ ወሬያቸው ይሰማላቸው።»

ጓድ በቀለ ወረቀቱን እንደያዘ ቀረ። ሐጂ ሰይድ ከዘራቸው ላይ ግንባራቸውን ደፉ፤ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እትዬ ዘውዴ ሐጂን አዩ። ቀጥለው ጋሽ ደምሴን አዩ። ቀጥለው እኔን አዩ። ፊቴን ማዞር ነበረብኝ፤ አልቻልኩም።

እሳቸው በዚህ ጊዜ አልጮኹም። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱና፣ ጥለቱን ወደ ላይ አዙረው፣ እንደ ሐዘንተኛ ቀስ ብለው ለበሱት። ጓድ በቀለ አፉን ሲከፍት አዩትና «ተወው ልጄ፣ አታንብብ» አሉት። ጓድም እርስዎም የሚሉት ነገር ያን ዕለት አበቃ። ሰውየው እዚያው መድረኩ ላይ ተቀምጦ ኮቱን አፉ ላይ አድርጎ አለቀሰ።

ክንዳቸውን ይዤ ወደ ቤት ወሰድኳቸው። ሕዝቡ ከኋላ ይከተለናል። ግማሽ መንገድ ላይ ቆም አሉ።

«ያኔ ድንኳን ተክለን ስናለቅስ በሕይወት ነበር አይደል?»

«ነበር እትዬ።»

«አንተም ምለህልኝ ነበር። አላመንኩህም።» ክንዴን ጠበቅ አድርገው ያዙኝ። «በል እስቲ አሁንም ማልልኝ። አለ በለኝ። አሁን አምንሃለሁ።»

ለዚያ ሁሉ ስብሰባ ያን ሁሉ ቃል የጻፍኩ ሰው፣ ያዘቀዘቁትን ነጠላ ትከሻቸው ላይ አስተካከልኩላቸው። ከዚያ መንገዳችንን ቀጠልን።